ሦስት ጉርሻ

በትራም ትኬት ጀርባ፣ በእርሳስ የጻፍነው፣
ቭላስታ፣ ያ ውላችን አራት መስመር ነው፦
"ሴቴ ከዝቢኔክ፣ ወንዴ ከቭላስታ፤
ወንዴው በውሰት ነው፣ ላንድ ክረምት ቆይታ፤
ያስጠጋ ያበላል፣ ሲታመም ያሳክማል፤
የሚፈለፈለው እኩል ይካፈላል።"

አምስተኛ መስመር ለምን ያስፈልጋል?
እኔ ከከሰል ጉድጓድ ሳል ይዤ የወጣሁ፣
አንቺ ትራም ላይ ትኬት ስትቆጥሪ የኖርሽ፣
"ፊርማ ለሚጣላ ሰው ነው" ብለሽ የሳቅሽ።

ወንዴውን አመጣሽው በትራስ ልብስ ቋጥረሽ፣
ከካፖርትሽ በታች ከሆድሽ ለጥፈሽ፤
ውጭ በረዶ ነበር፣ የኦስትራቫ በረዶ፣
ጥቀርሻ የቀመሰ፤
በሬ ላይ ቆመሽ፣ እያለከለክሽ፣
"ሙቀቴን ተበድሮ በሰላም ደረሰ።"

በመጋቢት ጣለች። ስምንት እንቁላል።
ተጠምጥማባቸው፣ እንደ ገመድ ጥቅል።
አንዱ ሻግቶ ነበር፤ ደውዬ ነገርኩሽ፤
"ኪሳራም እኩል ነው" አልሽኝ፣ ሳል እያቋረጠሽ።

ስልሳ ቀን በማሞቂያ። ከዚያ ተሰነጠቀ፤
አፍንጫ፣ ሌላ አፍንጫ፣ ትንፋሽ ፈለቀ።
ስድስቱ ቡናማ፣ እንደ እናት እንደ አባት፤
ሰባተኛዋ ነጭ፣
ዓይኗ የሮማን ፍሬ፣ ቆዳዋ ወተት።

ሰባት ለሁለት ሲሆን መቼም አይገጥምም፤
ግማሽ ዘንዶ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።
"አንተ ክፈል" አልሽኝ፣ "እኔ እመርጣለሁ"፤
ዳኛ የማይሻ ፍርድ መሆኑን አውቃለሁ።

ከፈልኩ።
ስድስቱን በግራ። ነጯን በቀኝ፣ ለብቻ።
ዋጋው እኩል ነበር፣ ሌሊቱን አስልቼ
ሦስት ጊዜ ደምሬ፣ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ፤
ቁጥሩ አልዋሸም። የዋሸው ሌላ ነው፤
ቆጥሮ የኖረ ሰው
ብዙውን እንደሚያነሳ ስለማውቀው ነው።

እባብ ለእባብ እንዲሉ፣ ተያየን ካብ ለካብ፤
ሳጥን ውስጥ ያሉት አይደሉም፤ እኛ ነን በዚያ ካብ።
እጅሽ ነጯ ላይ ቆየ፤ አመነታ፤ አለፈ፤
ስድስቱን አቀፈ።
ምንም አላልሽም። ኮፍያሽን አጠለቅሽ፤
ከደረጃው ግማሽ ዞር ብለሽ አየሽኝ፣ ወረድሽ።

ነጯ ግን አልበላች።
አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣
የአይጥ ግልገል አሙቄ በመቆንጠጫ ሳስጠጋት
ፊቷን አዞረች፣ ጨርቅ ስር ገባች፤
በአምስተኛው ሳምንት አከርካሪዋ ታየ፣
እንደ ስፌት መስመር።
ያንቺዎቹ እየበሉ ነው፤ በስልክ ሰማሁ።
የኔዋስ? አልሽኝ።
"በላች" አልኩሽ። ዋሸሁ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ደወልኩልሽ ደግሞ።
ክፍያውን ልናዘዝ አፌን ከፍቼ፣
የወጣኝ ግን "አልበላችም" ብቻ።
ትራም ሳይጀምር በእግርሽ መጣሽ፣ በዚያ ጭቃ፤
ኪስሽ ውስጥ የጫጩት ላባ በጋዜጣ።
ግልገሏን በላባው አሸሽ፣ አሸሽ፣
መብራቱን አጠፋሽ፣ "አትንቀሳቀስ" አልሽ።
በጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማን፣
ክብሪት እንደሚጫር ያህል።
ዋጠች።

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል። እውነት ነው።
እኛን ያጣላን ግን ያልተጎረሰው ነው።
በሳምንቱ መጣሽ ለሁለተኛው ጉርሻ፣
በሳምንቱ ደግሞ ለሦስተኛው፤
ያን ቀን ስድስቱንም በትራስ ልብስ ይዘሽ፣
ከቦርሳሽ እርሳስ አወጣሽ፣
በትኬቱ ጠርዝ፣ ቦታ በጠበበበት፣
አምስተኛውን መስመር አጣመሽ ጻፍሽበት፦
"ሦስቴ ሳይጎርሱ፣ አንዱም የማንም አይደለም።"

ከዚያ ሰባቱንም ጠረጴዛው ላይ ደረደርሽ።
"አሁን እኔ ልክፈል" አልሽ፣ "አንተ ምረጥ" ብለሽ።

ይኸው ትከፍያለሽ፤ ቀስ ብለሽ፣ መነጽርሽን ወልውለሽ፣
አንዷን ወዲህ፣ ሁለት ወዲያ፣ መልሰሽ አንስተሽ፤
ነጯ አንጓሽ ላይ ተጠምጥማለች፣
ከየትኛው ወገን እንደምትቀመጥ ገና አልታወቀም፤
እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜያለሁ፣
አልቸኩልም።